ከጎንደር እስኪደርሱ

ገንዳ ውሃ ሰሊጥ ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ ሚዛኑን ቢረሳ ብዙም አይጨነቅም ነበር። የሰሊጥ ደላላውን ጋሽ ሰጠኝን ካላገኘ ግን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ጋሽ ሰጠኝ ከኩንታሉ አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፋቸው ላይ ይበትናሉ፣ ወደ ፀሐይ ዞር ያደርጉታል፣ ከዚያ «ሰሊጡ የኮኪት ነው፤ አሸዋው ግን ከመንገድ ላይ የተጨመረ ነው» ይላሉ። ባለ ሰሊጡ ይስቃል። ትንሽ ቆይቶ መሳቁን ይተዋል። እስከ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው መነጽር የሚባል ነገር አፍንጫቸው ላይ አላረፈም። እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የወፍጮዬን ቺንጋ ቁጥር ለማንበብ ሚስቴን ዙፋንን እጠራለሁ። እሷም ታነብልኝና በዚያው የረሳሁትን ሁሉ ታስታውሰኛለች።

ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሰውዬው ሲያስሉ እኔ ቤት ይሰማል፤ ዙፋን ስትቆጣኝ ደግሞ እሳቸው ቤት ይሰማል። የልጅ ልጃቸው ስርጉት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ነው ያደገችው። እናቷን ወባ ወሰዳት፤ አባቷ ድንበሩን ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ እንደ ወጣ ቀረ። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ሽማግሌውና ልጅቱ አንዳቸው ለአንዳቸው እናትም አባትም ሆነው ይኖሩ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት ቤት ነው። መምህር ሸጋው የሚባል የባዮሎጂ አስተማሪ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ስለ ዓይን ብሌን ልገሳ ነገራቸው። ሰው ሲሞት ከዓይኑ ላይ መስታወት የመሰለችው ስስ ሽፋን ትወሰዳለች፤ ብሌኑ ጠባሳ ይዞት ለታወረ ሰው ትተከልለታለች። በማሽላ ቅጠል ዓይኑን ተመትቶ የቀረ፣ በአጨዳ ላይ እሾህ የወጋው፣ እንዲህ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል ማለት ነው። ስርጉት ይህን ሰምታ አላደረችበትም። በዚያው ቀን ደብተር ገዝታ መስመር አሰመረችና ከክፍል ክፍል እየዞረች ማስረዳት ጀመረች። ስም፣ ዕድሜ፣ ሲሞቱ የሚደውል የቤተሰብ ስልክ።

እንግዲህ እኛ ያለንበት አገር የት እንደሆነ መምህር ሸጋው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሰው ስለሆነ አላወቀውም። ልጅቱ ግን ማወቅ ነበረባት። ስንቱ ልጅ ነው በመተማ ዮሐንስ በኩል ወጥቶ፣ በረሃ ላይ ተይዞ፣ ለቅሶው በስልክ ለእናቱ የተሰማ! «ኩላሊቱን አወጡበት» የሚል ወሬ ያልገባበት ቤት የለም። እውነት ይሁን ውሸት ያየ ሰው አላገኘሁም፤ የማያምን ሰውም አላገኘሁም። ደግሞ ልጆቹን የሚያሻግሩት ደላሎችም የሚጽፉት እንደዚያው ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ስልክ። የስርጉትን ደብተር ያየ ተማሪ ሁሉ ደነገጠ። ማዕረግ የሚባል የትራክተር ባለቤት ልጅ አለ፣ ምላሱ ምላጭ ነው፤ እሱ «ደላላዋ መጣች፣ ኩላሊታችሁን ያዙ!» ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ደላላዋ ሆነ።

አንድ ቀን እያለቀሰች ገባች። እኔ አጥሩ ጋ የተቀደደ ጆንያ እሰፋ ነበር፤ ሆን ብዬ አልሰማሁም፣ ግን ጆሮዬን አልደፈንኩም።

«ምን አሉሽ?» አሉ ጋሽ ሰጠኝ።

«ደላላ አሉኝ አባባ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሆኜ ያሳደግኩሽ ይመስልሻል?»

«አባባ፣ እየቀለድኩ አይደለም!»

ከዚያ ደብተሩን እንድታሳያቸው ጠየቋት። ገጹን ሲገልጡ ሰማሁ።

«ይኸ ባዶ ነው እኮ፤ የራስሽ ስም ብቻ ነው ያለው» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት፣ ትምህርት ቤት ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ፤ ወፍጮው እንደሆነ መብራት ስላልነበረ አይሠራም። ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፏል። ሰውዬው ርእሰ መምህሩን አስፈቅደው ፊት ለፊት ቆሙ።

«እኔን ታውቁኛላችሁ» አሉ። «አባቶቻችሁ ሰሊጥ ውስጥ አሸዋ ሲቀላቅሉ የያዝኳቸው ሰውዬ ነኝ።» ተማሪው ሳቀ። «ይኸን ዓይን ይዤው ብቀበር ለምስጥ ነው። ስሞት ስርጉት ትደውላለች፤ ከጎንደር ሆስፒታል መጥተው ይወስዱታል። ዓይኔ ለሰው ሳይሆን ከቀረ ያን ጊዜ ልጄን ደላላ በሏት። እስከዚያ ግን ከአፋችሁ እንዳልሰማ።»

ፈረሙ። ከስማቸው ጎን የሚደውለው ሰው ስልክ ሲባል የስርጉት ተጻፈ። በዚያ ሳምንት ሠላሳ አንድ ተማሪ ተመዘገበ። እንደተነገረኝ ሠላሳ አንደኛው ማዕረግ ነው።

ስንመለስ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ጋሽ ሰጠኝ፣ ያንን ዓይን የሚቀበለው ሰው ይታዘንለታል። ሚስቱ ወጥ ውስጥ ጨው ስትጨምር ፍሬውን ሊቆጥርባት ነው» አልኳቸው።

«አንተስ ምን አለህና ትሰጣለህ? ጆሮህን እንዳትሰጥ ዙፋን ጨርሳዋለች» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖሩ።

ኅዳር ነው፣ ሰሊጥ የሚገባበት ወር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ መጋዘን በር ላይ ወንበር አውጥተውላቸው ተቀምጠዋል። እፍኝ ሰሊጥ መዳፋቸው ላይ እንዳለ ራሳቸው ወደ ደረታቸው ዘንበል አለ። የሚያዩ መስሏቸው ሰዎቹ ቆመው ጠበቋቸው። መዳፋቸው ተከፍቶ ሰሊጡ ሲፈስ ነው ያወቁት።

ስርጉትን ከክፍል ጠሯት። ሲነግሯት አልጮኸችም። ሴቶቹ ልጅቱ ደነዘዘች አሉ። እሷ ግን ስልክ ትደውል ነበር። መምህር ሸጋውም ደወለ። ከጎንደር «እንመጣለን፤ ከሞቱበት ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መድረስ አለብን፤ ሙቀት ስለሆነ ከዚያም ቢቀድም ይሻላል» አሏቸው። መንገዱ ደግሞ ኬላ ላይ ካላቆዩ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እስከዚያ ምን እንደሚደረግም ተነገራት፤ ዓይኖቹን ግጠሙ፣ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፣ ራሱን በትራስ ከፍ አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ይሁን፣ ፊቱን ምንም ነገር አይንካው። ስርጉት ይህን ሁሉ በእጇ አደረገችና ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሴቶች አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

እኔ ያን ጊዜ እዚያ አልነበርኩም። የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን በባጃጅና በጋሪ እያስጫንኩ ነበር። ስደርስ በር ላይ የቆመችው ሴትዮ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጎንደር ሰው እስኪመጣ አይቀበሩም።

ይህንን ለማስከበር ቀበቶዬን አጠበቅኩ። ቆላ ነው፤ ኅዳርም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። እዚህ ሬሳ አይከርምም፤ ጠዋት የሞተ ሰባት ሰዓት ላይ አፈር ለብሷል። ቄስ ማናዬ ተቆጡ።

«ባየልኝ፣ ሙቀቱ አይታይህም? ሰውዬውን ልታበላሸው ነው?»

«አባ፣ የሟች ቃል ነው። በአገር ፊት የተናገሩት ነው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ አሥር ሰዓት።»

«ዘጠኝ።»

«አሥር፣ አባቴ።»

እንደ ገበያ ተከራክሬ አሥር ሰዓት አስደረግኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠቃሚ ሰው የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ከአንድ የእድር ሰው ጋር ሁለት ሆነን ለመገነዝ ገባን። ሴቶቹን አስወጣናቸው። ስርጉት ደግሞ መንገድ ለማሳየት ወደ አስፋልቱ ወጥታ ነበር። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ዝንቡ መጥቷል። ሽታ ገና አልነበረም፣ ግን ሊመጣ እንደሆነ አፍንጫዬ ነገረኝ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። የሚመጣው ሰው የከተማ ባለሙያ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል በመኪና ተንጦ መጥቶ በሩን ሲከፍት ሽታ ከተቀበለው፣ ይህ ሬሳ ተበላሽቷል ብሎ ቢመለስስ? የጋሽ ሰጠኝ ቃል በእኔ እጅ ሊቀር?

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ሬሳ ያለ ሽቶ አንገንዝም። ሐሩሩ ያስተማረን ነው። ሮጬ ቤቴ ገባሁና የዙፋንን የሱዳን ሽቶ ከሳጥኗ አወጣሁ። መተማ ዮሐንስ ላይ ከዑበይዳ ሱቅ የገዛሁላት ነው፤ ለሠርግ ካልሆነ ክዳኑን አትከፍተውም። ደረታቸው ላይ አፈሰስኩ፣ ከፈኑ ላይ አፈሰስኩ። ዓይናቸው ላይ ያለውን እርጥብ ጨርቅ ሴቶች ለሙቀቱ ያደረጉት መስሎኝ አነሳሁት። የዓይናቸው ቆብ በደንብ አልተገጠመም ነበር። ለዚያ ዓይን ነውና ሰው የሚመጣው፣ አብልጬ ሽቶ ባራስኩት ጥጥ ጠረግሁት። ጨርቁንም በዚያው ሽቶ ነክሬ መልሼ አለበስኳቸው። አብሮኝ የነበረው ሰው እግራቸውን ያስር ነበርና አላየኝም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ደረሰ። ከሞቱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ማለት ነው። ቢሆነኝ የሚባል ቀጭን ወጣት የበረዶ ሣጥን አንጠልጥሎ ወረደ። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሣጥኑን እንጂ ልጁን አላየም። ማዕረግና ጓደኞቹ ከትምህርት ቤት መጥተው አጥሩ ጋ ተደርድረዋል። ክፍሉ ውስጥ የገባነው እሱ፣ ስርጉት፣ መምህር ሸጋውና የእድሩ እማኝ ሆኜ እኔ ነን።

ጓንት አጠለቀ። ጨርቁን ሲያነሳ እጁ ቆመ። ጨርቁን ወደ አፍንጫው አቀረበው። ባትሪ አብርቶ ወደ ዓይናቸው ጎንበስ አለ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። እኔም ከትከሻው በላይ አየሁ። ያ እንደ ጥቁር ሰሊጥ የሚያበራው ዓይን የተቀቀለ እንቁላል መስሏል።

«ሽቶ ነክቶታል» አለ። «አልኮል ያለው ነው። ማን ነው ያደረገው?»

መምህር ሸጋው ስርጉትን አየ። ስርጉት ግድግዳውን አየች። እኔ አፌን ከፈትኩ። ውጭ አንድ መቶ ሰው ተቀምጧል፤ አሥር ሰዓት ብዬ ከቄስ ጋር የተከራከርኩት እኔ ነኝ። አፌን መልሼ ገጠምኩት።

«አንዱም?» አለች ስርጉት።

«አንዱም አይሆንም፣ እኅቴ። አዝናለሁ።»

ባዶ ሣጥኑን ይዞ ሲወጣ በር ላይ «አገኛችሁ?» ብለው ጠየቁት። «አልተቻለም፤ ዓይናቸው የሚሆን አልሆነም» አለ። ጨዋ ልጅ ነው፤ የሰው ቤት ጥፋት በአደባባይ ላለማውጣት ነው እንዲያ ያለው። በዚያች አንድ ቃል ምን እንዳቀጣጠለ ግን አላወቀም።

አሥር ሰዓት ላይ ቀበርናቸው። ገና አፈሩ ሳይደርቅ ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። ለምንድን ነው ያልተቀበሏቸው? ምን ያለበት ዓይን ነው ከጎንደር ድረስ መጥተው አይተው የሚተዉት? አሸዋ ቀላቅሎ የተያዘ አንድ ነጋዴ ነበር፣ ስሙን አልጠራውም፤ እሱ ጋሽ ሰጠኝ ሰሊጡን ባዩበት ሳምንት ላሙ መሞቷን አስታወሰ። ሌላዋ ሕፃኗን «ደስ ሲል!» ብለው ያዩላት ቀን ሌሊቱን ሲያስመልሰው እንዳደረ ተናገረች። በማግስቱ ቃሉ ወጣ፤ ቡዳ ነበሩ። ሐኪሞቹ በባትሪ አይተው ለይተውታል ተባለ። ከእኔ ቤት ደጅ ማሽላ ሊያስፈጩ የተሰለፉ ሴቶች ይህንኑ ሲያወሩ ሰማሁ። ወፍጮውን አስነሣሁት፤ ጩኸቱ ወሬውን ይውጠዋል ብዬ ነው።

ስርጉት በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ስትሄድ ተማሪዎቹ ደብተሩን ጠየቋት። ስማቸውን በየተራ ሰረዙ። ማዕረግ ደግሞ «አባባሽ ራሳቸው ናቸው ያሉት፤ ካልሆነ ደላላ በሏት ብለዋል» አላት። ያንን ተናግሮ ቢተው ጥሩ ነበር። «ደግሞ ከቡዳ ዓይን አስቀድሞ ያወጣን እግዜር ነው» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ።

በአምስተኛው ቀን ዙፋን ሳጥኗን ከፈተች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽቶዬ የት ገባ?»

ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

«ባየልኝ። እኔ ሰውዬ ስልህ ዝም ትላለህ፤ አሁን ግን በስምህ ነው የጠራሁህ።»

ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት ስትቆጣኝ ኖራለች፤ ያን ቀን አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ለልጅቱ ሂድና ንገራት» አለችኝ። «እኔ ወሬውን ሰምቼ ዝም ብዬ ቡና ጠጥቻለሁ፤ እኔም አለሁበት።»

ስርጉት የሽማግሌውን ጋቢ እያጠበች አገኘኋት። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከድንኳኑ ጀመርኩ፤ ከድንኳኑ ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ ዝንቡ። እጇን ከውሃው ሳታወጣ አቋረጠችኝ።

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ባየልኝ።»

«ምኑን?»

«እትዬ ዙፋን ሽቶውን ለአቶ ሽኩር ልጅ ሠርግ ተቀብታው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ የጎንደሩ ልጅ ማን ነው ያደረገው ብሎ ሲጠይቅ...»

«እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር እኮ። እርስዎ ሲናገሩ ነበር የምጠብቀው።» ጋቢውን ጨመቀችው። «አባባን ሊያከብሩ ብለው እንዳደረጉት አይጠፋኝም። በሰው ፊት ላጋልጥዎ? አባባ ቢኖሩ አይፈቅዱልኝም።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ለእኔ አይንገሩኝ። እኔ ያላወቅሁት ነገር የለም። ለእነሱ ይንገሩ።»

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሌሊቱን የምናገረውን ስደግም አድሬ ነበር፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ በሰልፍ ፊት ቆሜ አላውቅም። ተማሪው ተሰልፏል። ነገርኳቸው። ሽቶውን ከየት እንደገዛሁት፣ ስንት ጊዜ እንዳፈሰስኩ፣ ጥጡን እንዴት እንዳራስኩ፣ ጠያቂው ሲጠይቅ እንዴት ዝም እንዳልኩ፣ አንድም አላስቀረሁም። «ዓይናቸው ንጹሕ ነበር» አልኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስርጉት ቃሏን ጠብቃለች፤ ደውላለች፣ በሰዓቱም አስመጥታለች። እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ ለወላጅ ንገሩ፤ የሰጠ ሰው ሲሞት ፊቱን ማንም እንዳይነካው። እኔ ያላወቅሁት ይህን ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ሌላው ተከተለው። ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበ። ማዕረግ ከመስመሩ ወጥቶ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ።

«ጋሽ ባየልኝ፣ ጎረቤት ማለት እንደ እርስዎ ነው! ለሟች ስም ሲሉ በራስዎ ላይ መናገርዎ...»

«ኧረ አንተ ልጅ፣ እውነቴን ነው የምልህ!»

«ገብቶናል፣ ጋሼ። ገብቶናል።»

«በማርያም እኮ ነው የምነግርህ!»

«እንዲህ ያለ ወዳጅ ለእኔም ይስጠኝ» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። እየሳቁም አልነበረም፤ ከልባቸው ነው ያከበሩኝ። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ ጥሩ ሰው እየሆንኩላቸው ሄድኩ። መምህር ሸጋው የጫማውን ጫፍ ያያል። እሱ ያምነኛል፤ ግን እሱ ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣው፣ ማን ይሰማዋል?

ደወል ተደውሎ ሰልፉ ሲበተን ስርጉት ጋ ሄድኩ። ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ስንት ቀሩ?»

«አራት። እኔን ጨምሮ።»

«ነገርኳቸው እኮ ልጄ። እንደሰማሽው ነው።»

«ሰማሁ።» ወደ ክፍሏ መራመድ ጀመረችና ቆም አለች። «ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ሆነው ቢናገሩት ግን ያምኑዎት ነበር።»

ገባች። የክፍሉ በር ላይ ያሉት ልጆች ለማሳለፍ ገለል አሉላት፤ ከሚገባው በላይ ገለል አሉ።

እኔ ወደ ወፍጮዬ ተመለስኩ። መብራት መጥቶ ነበር። ተራ የያዘችው ሴትዮ ከፊቷ ላለችው በእጇ ታሳየኛለች። «ይኸውልሽ፣ ለዚያ ሰውዬ ስም ሲል ራሱን የከሰሰው እሱ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ቡዳ መሆናቸውን አገር አውቆታል፤ ግን ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው» አለቻት።

ጆንያዋን ተቀብዬ ማሽላዋን ፈጨሁላት።